ስቴንቱ ሲገባ ብቻ ሳይሆን ሲወጣም ይሞከር

ክቡር አዘጋጅ፣

በእንስሳት ላይ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ ሁሉ ይቁም የሚሉ ሰዎች እየበዙ ነው። ለእንስሳት ማዘናቸውን አከብራለሁ፤ እኔም አዝናለሁ። ስለ መተንፈሻ ቧንቧ ስቴንት ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስቴንት የጠበበን የአየር ቧንቧ ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ ነው። ዕጢ የተጫነው ወይም ለረጅም ጊዜ በመሣሪያ ሲተነፍስ ቆይቶ ቧንቧው የተጎዳ ሰው ያስፈልገዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ዱሞን እ.ኤ.አ. በ1990 (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያስተዋወቁት የሲሊኮን ስቴንት ሊወጣ ይችላል፤ ችግሩ ይንሸራተታል፣ በአክታም ይደፈናል። ከብረት መረብ የተሠሩት ስቴንቶች ደግሞ ሲገቡ ቀላል ናቸው። መከራው ሲወጡ ነው። ሥጋ በመረቡ ቀዳዳ አልፎ ያድግና ብረቱን ይውጠዋል። ላውጣህ ሲሉት ይሰበራል፣ ቧንቧውንም ይቀድዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2005 ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው፦ ካንሰር ለሌለበት ሕመምተኛ ሌላው አማራጭ ሁሉ ሳይታይ የብረት ስቴንት አይግባ አለ።

ስለዚህ “ሊወጣ የሚችል” ተብሎ የሚሠራ ስቴንት መውጣቱ በሕይወት ባለ አካል ላይ መታየት አለበት። ለሙከራ የሚሠራ የላስቲክ ቧንቧ አያስልም፣ አክታ የለውም፣ አይቆስልም። የበግና የአሳማ ቧንቧ ግን ለአዋቂ ሰው የቀረበ ነው። ስቴንቱ ሳምንታት ቆይቶ ይውጣ። ከወጣ በኋላም እንስሳው ይቆይና ቧንቧው መልሶ መጥበብ አለመጥበቡ ይታይ። ጤነኛ በግ የታመመን ሰው እንደማይተካ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ አደጋው ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። እንስሳው በቂ ማደንዘዣና ማስታገሻ ያግኝ፤ መተንፈስ ካቃተው ሙከራው ያኔውኑ ይቁም። ያልተሳካውም ሙከራ ይታተም። ካልታተመ ሌላው ተመራማሪ ያንኑ ስህተት በሌሎች በጎች ላይ ይደግመዋል።

እኛ ስቶክሆልም ያለን ሐበሾች ይህ ሲቀር የሚሆነውን አይተናል። በ2011 ፓውሎ ማኪያሪኒ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እዚሁ በካሮሊንስካ ሆስፒታል ከፕላስቲክ የተሠራ የአየር ቧንቧ ለሰው አስገባ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ አይስላንድ ይማር የነበረ ኤርትራዊ ወጣት ነበር፣ ባለትዳርና የልጆች አባት። ቧንቧው አስቀድሞ በእንስሳት ላይ በወጉ አልተሞከረም። ወጣቱ በ2014 አረፈ። በዚያው ሆስፒታል ተመሳሳይ ቧንቧ የገባላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎችም ሞቱ። የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2023 ሐኪሙን ጥፋተኛ ብሎ የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ፈረደበት። ሙከራውን በበግ ይጀምር ብሎ ያስቆመው ሰው ቢኖር ምንኛ ጥሩ ነበር!

የእናንተም ጋዜጣ ስለ አዲስ ስቴንት ሲዘግብ እባካችሁ ሠሪዎቹን ጠይቁልን፦ በየትኛው እንስሳ ተሞከረ? ምን ያህል ቆየ? ሲወጣስ ምን ሆነ?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከስቶክሆልም