ለሀምበሪቾ ዱራሜ፦ ለአንድ ደረጃ አንድ ብር

የዱራሜ ከተማ እግር ኳስ ክለባችን ሀምበሪቾ ዱራሜ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ገባ። ይህን በ2015 መጨረሻ ስጽፍ ደስታው አሁንም አልወጣልኝም። ከሻሸመኔ ከተማና ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ከፕሪምየር ሊጉ ቀጥሎ ካለው ከከፍተኛ ሊግ አድገን፣ በ2016 ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከኢትዮጵያ ቡና ጋር ልንጫወት ነው። ይህን በዕድሜዬ አያለሁ ያለ የዱራሜ ልጅ ስንት ነው?

ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ የመጣሁት ስለ ገንዘብ ላወራችሁ ነው።

ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ነገር አለ። ፕሪምየር ሊጉ ከ2013 ጀምሮ የሚካሄደው እንደ አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ባሉ የተመረጡ ከተሞች ነው። ክለቦቹ እዚያው ሄደው ወራት ይቀመጣሉ። ጊዮርጊስ ዱራሜ አይመጣም። ሜዳችን ላይ ትኬት ሸጠን የምናገኘው ገቢ አይኖርም። ከቴሌቪዥን መብት ለክለቦች የሚከፋፈል ገንዘብ አለ፤ ግን እሱ ብቻውን ዓመቱን አያሻግርም።

እስቲ አብረን እናስላው። ተጫዋቾች፣ አሰልጣኞች፣ ወጌሻና ሌሎቹም ተደምረው 30 ሰው ይሁኑ። ሁለት ሁለት ሆነው ቢያድሩ 15 ክፍል ያስፈልጋል። አንዱን ክፍል በ1,000 ብር ብንይዘው ለአንድ ሌሊት 15,000 ብር፣ ለአንድ ወር 450,000 ብር ነው። ምግብ ገና አልተቆጠረም። ትራንስፖርት አልተቆጠረም። ደመወዝም አልተቆጠረም። በ2016 በሊጉ 16 ክለቦች ስላሉ ደግሞ የሚጠብቁን ጨዋታዎች 30 ናቸው።

ስለ ደመወዝ ትንሽ ልበል፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። በሀገራችን እግር ኳስ ወራት ያለ ደመወዝ የሚጫወቱ ልጆች ብዙ ናቸው። ቤት ኪራይ አለባቸው፣ ቤተሰብ የሚጠብቃቸው አሉ። ልምምድ ያቆማሉ፣ ለፌዴሬሽኑ ይከስሳሉ፣ ክለቡም አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ይታገዳል። ስለዚህ እኔ እንደ ደጋፊ የምመኘው ስመ ጥር ተጫዋች በውድ ማስፈረም አይደለም። ያሳደጉን ልጆች ይቆዩልን። በነሱ ላይ ሊጉን የሚያውቅ አንድ በረኛ፣ አንድ ተከላካይና አንድ አጥቂ ቢጨመርልን ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ደመወዛቸው በወሩ ይከፈል።

ሊጉ ላደገ ክለብ አይራራም። ለ2015 ውድድር ካደጉት ሦስት ክለቦች ለገጣፎ ለገዳዲና ኢትዮ ኤሌክትሪክ በዓመቱ ተመልሰው ወርደዋል። በሊጉ የቆየው ኢትዮጵያ መድን ብቻ ነው። ግን ሌላም ታሪክ አለ። ጅማ አባ ጅፋር አድጎ በተጫወተበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2010፣ ዋንጫውን ወስዷል። ጎረቤታችን ወላይታ ድቻ በዚያው ዓመት የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አስወጥቷል። ዛማሌክን! የድቻ ከተማ ሶዶ ከዱራሜ ምን ያህል ይርቃል? ሌላው ጎረቤታችን ሀዲያ ሆሳዕናም እዚያው ሊግ ውስጥ እየታገለ ነው።

አብረውን ካደጉት አንዱ ከኋላው ባንክ አለው። ከእኛ ኋላ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ደግሞ መቆጠብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለመስቀል በሬ አባቶቻችን ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያሉ ያጠራቅማሉ። እናቶቻችን ለቅቤው ያስቀምጣሉ። በመስከረም ማንም ቤት ባዶ አይሆንም። እንዲህ አድርገን በሬ የምንገዛ ሰዎች የአንድ ቡድን ሆቴል መክፈል አያቅተንም።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ወደ ሀምበሪቾ ተራራ የሚያወጣው መንገድ 777 ደረጃ አለው። ለአንድ ደረጃ አንድ ብር፣ 777 ብር እንስጥ። ያልቻለ 77 ይስጥ። ተማሪ ከሆንክ 7 ብርም ትቆጠራለች። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍታችሁ የምትሠሩ ወንድሞቻችን፣ ዓረብ ሀገር ያላችሁ እህቶቻችን፣ አዲስ አበባ የምትነግዱ ሁሉ፣ የቻላችሁ የ10 ሰው ድርሻ ያዙልን። እዚያ ሆናችሁ ለቤተሰብ ስንት እንደምትልኩ እናውቃለን። ከዚያ ላይ ቀንሱ አልልም። ከተረፋችሁ ላይ ነው የምለምነው።

ገንዘብ የሌለው በሌላ ያግዝ። አዳማ ወይም ሐዋሳ ሆቴል ያላችሁ በቅናሽ አሳድሩልን። አውቶቡስ ያላችሁ አንድ ጉዞ አድርሱልን። ጤፍ፣ በግ፣ ቅቤ የምታመጡም ኑ፤ 30 ሰው በየቀኑ ይበላል።

አንድ አደራ አለኝ። ገንዘባችሁን በክለቡ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሂሳብ ብቻ አስገቡ። በሰው ስም ለተከፈተ ሂሳብ አትስጡ፣ ለእኔም ቢሆን። ደረሰኝ ተቀበሉ። የተሰበሰበውና የወጣው በየወሩ በግልጽ እንዲለጠፍ ክለቡን አብረን እንጠይቅ። የሰጠ ሰው የመጠየቅ መብት አለው።

የ2015 ውድድር የተጀመረው በመስቀል ሰሞን ነበር። የ2016ም ጊዜው ቅርብ ነው። ለበዓል ዱራሜ ስትገቡ በክለቡ ጽሕፈት ቤት በኩል እለፉ። እስከዚያ መቆየት የማትችሉ ግን ዛሬውኑ ላኩ፤ ልጆቹ ጉዞ የሚጀምሩት ከናንተ በፊት ነው።