ይድረስ ለቀይ እስክሪብቶ

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? ቨርጂኒያ ብርዱ ጀምሯል ይላሉ። እዚህ ደሴም ጉሙ ከተራራው ወርዶ ፒያሳ ከገባ ሰነበተ። በቅጽል ስምሽ የጠራሁሽ ደፍሬሽ አይደለም። በደህናው ስምሽ ስጀምረው ማመልከቻ እየመሰለብኝ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

ጦሳ ሞተ። ተራራው አይደለም፣ የኛው ጦሳ፣ የኳስ በረኛው። ስኳሩ ሲያመላልሰው ከርሞ ባለፈው ወር ማክሰኞ ሌሊት አረፈ። ከዙህር በኋላ ቀበርነው። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም። ማለዳ ሰው ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ ነው። ግን እዚያ የምልክልሽ ሰው የለኝም። ደግሞም ከእንግዲህ ከእኔ ዘንድ ዘግይቶ የሚደርስሽ ወሬ እንዲኖር አልፈልግም። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እመጣበታለሁ።

ለቅሶው ላይ ምን ሆነ መሰለሽ። በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሳሳ ሲል ስድስት የ12ኛ ቢ ልጆች ድንኳኑ ጥግ ተሰበሰብን። ልጆች ስል ጥርሱ ያለቀውንም ጨምሬ ነው። አንዱ «ጦሳ እኮ ከኋላ በስተግራ ነበር የሚቀመጠው» አለ። ሌላው «በስተቀኝ ነው» አለ። ስሙኒ ተናደደና የውሃ ካርቶን ቀዶ ክፍላችንን ሳለው። በር፣ ሰሌዳ፣ መስኮት፣ ሦስት መደዳ ዴስክ። ከዚያ ሰዉን በየቦታው እየሰካን እስከ መግሪብ ቆየን። ሰው ለቅሶ ላይ ይስቃል? ሳቅን። የጦሳ ባለቤት መጥታ አብራን ሳቀች።

ስሙኒን አልረሳሽውም መቼም። የፍቅር ደብዳቤ በስሙኒ የሚጽፈው ልጅ። አሥራ አንደኛ ክፍል እያለን ከሁለት ልጆች በአንድ ቀን ደብዳቤ የደረሰሽ ጊዜ፣ ሁለቱም «ከሰማይ ከዋክብት፣ ከምድር አሸዋ የበዛ ሰላምታዬ» ብለው ይጀምራሉ። ከስሙ በስተቀር ቃል በቃል አንድ ነው። አንቺ አልተናደድሽም። በቀይ እስክሪብቶ ፊደሉን አረምሽ፣ ለአንዱ አራት ከአሥር፣ ለሌላው ስድስት ከአሥር ሰጥተሽ መለስሽላቸው። ልጆቹ ስሙኒያችን ይመለስ ብለው ይዘውት ነበር። ዛሬ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ራፖር ጻፊ ነው፤ ኮምፒውተር ገዝቶ ልጅ ቀጥሯል። ያ አራት ከአሥር ግን አሁንም ያንገበግበዋል። «ያው ደብዳቤ አንዱ አራት፣ አንዱ ስድስት እንዴት ያገኛል?» ይላል። እውነቱን ነው እኮ። ምን አስበሽ ነበር?

ዜና ከሁለታችን መሃል ነበረች፣ እሱ ላይ ማንም አልተከራከረም። ያቺ የሚኒ ሚዲያዋ። ጅዳ ሃያ ዓመት ሠርታ መጣች። አሁን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቡና ታፈላለች። ድምጿ ያው ነው፤ ስኒ ስትቆጥርም ማስታወቂያ የምታነብ ይመስላል።

በሶ ደግሞ ፊት፣ ሰሌዳው ሥር። ልጁ ሰሌዳው እንደማይታየው ያወቀ አልነበረም፤ መነጽር ያደረገው አዲስ አበባ ሄዶ ነው። እሁድ እሁድ ማታ ከኩታበር በእግሩ፣ የሳምንት ስንቁን በስልቻ ተሸክሞ፣ በረባሶው እግሩን ልጦት ሲደርስ አስታውሺው። ሆጤ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተው ነበር። በሶው እስከ ረቡዕ ይበቃል። ሐሙስ ላይ ሒሳብ ሲያስረዳን ድምፁ ይደክማል። እኛ ያው ዝምተኛ ነው ብለን ነው። የገባቸው እናትሽ ናቸው። ምንም ሳይሉ «ሐሙስ ሐሙስ እኔ ቤት አጥኑ፣ እዚህ መብራት አለ» አሉን። መብራቱማ እሳቸውም ቤት ይጠፋ ነበር፤ በኩራዝ ነበር የምናጠናው። ቅንጬውን በትልቁ ሳህን ያቀርቡና እኛ ሦስት ማንኪያ እንደበላን ሳህኑን ወደሱ ገፋ ያደርጉታል። «ይቺን ጨርስልኝ ልጄ፣ ካደረች ትበላሻለች» ይሉታል። የቅንጬ ብልሽት እንግዲህ! አንድም ቀን «በላህ ወይ?» ብለው አልጠየቁትም።

አራት ነጥብ አምጥቶ ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ታውቂያለሽ። በ1983 ከተማሪዎቹ ጋር ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ ወረደ። መንግሥት ሲወድቅ ሞያሌን ተሻግረው ኬንያ ገቡ። አንዳንዶቹ ከዚያው ወደ ውጭ ሄደው ቀሩ፣ እሱ በ1984 ተመለሰ። ሰላሳ ዓመት ሒሳብ አስተማረ፣ ሁለቱን ልጆቼን ጭምር። ተማሪዎቹም በሶ ነው የሚሉት፤ ማን እንዳወረሳቸው እንጃ። ለቅሶው ላይ የእናትሽን ቅንጬ ሲያነሳ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

አሁን ወደ ጦሳ ልመለስ። ማትሪክ ውጤት የተለጠፈ ቀን ያካፋ ነበር። ያ 1981 እንዴት ያለ ዓመት ነበር፤ ግንቦት 8 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው አገር ተናውጦ፣ እኛ ግን የምናወራው ስለ ማትሪክ ብቻ። ሰሌዳውን ሰው ከቦታል፣ መጠጋት አይቻልም። ጦሳ ከኋላ ቆሞ በሰው ራስ ላይ እያየ ጮክ ብሎ ያነብልን ጀመር። አንቺን «ሦስት ነጥብ ሁለት! ቀይ እስክሪብቶ፣ ሂጂ እርሚ!» አለሽ። በሶን አራት ነጥብ ሲለው ተሸክሞት ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ጠበብ አደረገና «ያንቺ አልታየኝም፣ ዝናብ ነክቶታል። ነገ ነይ» አለኝ። አመንኩት። ቤቴ ሄጄ እራቴን በልቼ ተኛሁ። በማግስቱ ሰሌዳው ጋ ማንም አልነበረም። ወረቀቱንም ዝናብ አልነካውም። አንድ ነጥብ ስድስት። ብቻዬን አለቀስኩ፣ ዓይኔን ጠርጌ ሄድኩ።

ለቅሶው ላይ ስንቆጥር «አልታየኝም» የተባልነው እዚያው ከነበርነው ስድስት ሰዎች ሦስታችን ነን። እያንዳንዳችን ለእኔ ብቻ ያደረገው ይመስለን ነበር። የራሱ ግን በደንብ ታይቶታል። «አንድ ነጥብ ስምንት! ለረዳትነት ተመድቤያለሁ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም በወሩ የአጎቱ ፊያት ላይ ረዳት ሆነ። የአሰብን መስመር በ1990 እስኪዘጋ ድረስ ተመላለሰበት፤ ከዚያ ወደ ጅቡቲ።

እንግዲህ የእናትሽ ነገር። በ2004 መርዶሽን ለማርዳት እዚያ ያሉት ዘመዶችሽ ቅዳሜን ሲጠብቁ፣ ረቡዕ ማታ ደወልሽልኝ። «እማማ እንዴት ናቸው? ስልክ አያነሱም» አልሽኝ። «ቤተ ክርስቲያን ናቸው» አልኩሽ። ከዚያ ስለ ልጆች አወራን፣ ስለ በርበሬ ዋጋ አወራን። ሳቅሽ። እኔም ሳቅኩ። ቤተ ክርስቲያን ማለቴስ ውሸት አልነበረም፤ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

ይህንን ነው ይቅር ያላልሽኝ፤ አውቃለሁ። ለዓመታት ለራሴ ስከራከር ነው የኖርኩት። ወጉ ነው፣ ብቻዋን ሆና በስልክ ትስማ ወይ፣ ጦሳም ያደረገው ይህንኑ ነው እያልኩ። ለቅሶው ላይ ባለቤቱ የነገረችን ነገር ግን ይሄን ክርክሬን አፈረሰብኝ።

ያ ዝምተኛው ልጅ ትዝ ይልሻል? ደብተሩ ላይ ወፍ የሚስለው። እሱም «አልታየኝም» ከተባሉት ነበር። በዚያው መስከረም በአፈሳ ተይዞ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ወታደሩ በ1983 በእግሩ ሲመለስ እናቱ ሸዋ በር ቆመው ያለፈውን ሁሉ ይጠይቁ ነበር። ጦሳ ልጁ የካቲት 1982 ምፅዋ ላይ መውደቁን አብሮት ከነበረ ወታደር ሰምቷል። ለእናቱ አልነገራቸውም። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ስኳርና ሩዝ ይዞላቸው ይሄዳል፣ «ወሬ አለ ወይ?» ሲሉት «አልሰማሁም እማማ» ይላል። አሥራ አንድ ዓመት። እሳቸውም ልጃቸውን እንደጠበቁ ሞቱ። ባለቤቱ እንደምትለው፣ ጦሳ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረውም።

ደግ ሰው ነበር። ግን አንድ ሌሊት የምታሳድር «አልታየኝም» እና አሥራ አንድ ዓመት በር ላይ የምታቆም «አልሰማሁም» አንድ አይደሉም። የእኔዋ የትኛዋ እንደሆነች የምታውቂው አንቺ ነሽ። ያን ማታ ስልኩን ዘግቼ ልጠራልሽ የሚገባኝ ሰው ነበር፤ ጎረቤትሽን፣ ዘመድሽን። «ዛሬውኑ ሂዱላት» ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ፈራሁ። ይቅር በይኝ።

በ2014 ከተማው ሲያዝ አዲስ አበባ ተሰድደን እያለን ከውጭ የተደወለ ያልተነሳ ጥሪ ስልኬ ላይ አገኘሁ። አንቺ ነሽ ብዬ ነው የያዝኩት። ካልሆንሽም አትንገሪኝ።

የካርቶኑን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ያንን ዝምተኛ ልጅ የት እንደሚቀመጥ ስድስታችንም ማስታወስ አቃተን። ስሙኒ በመስኮቱ በኩል ይላል፣ ዜና ከበሩ ጀርባ ትላለች። እኔ ከአንቺ ኋላ ይመስለኛል፤ አንዴ ደብተርሽ ላይ ወፍ ስሎልሽ ተቆጥተሽዋል። አንድ ቦታ ባዶ ትተናል። የተሳሳተውን በቀይ አርሚውና መልሰሽ ላኪው። ስልኬ ያው የድሮው ነው። ማታ መብራት ስለሚጠፋ ጠዋት ጠዋት ይሻላል።