ያረጀ ሞተር ሳይክል በዓይን ብቻ አይመረመርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር አዋጅ ቁጥር 681/2002 ይደነግጋል። ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ባለ 100 እና ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች ዛሬም ሰውና ኩንታል ጭነው ይሠራሉ። መብራቱ በርቶ፣ ክላክሱ ጮኾ፣ የሻሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ስለገጠመ ብቻ ለእነዚህ የሚሰጥ ቦሎ ስለ ደኅንነታቸው ብዙም አይናገርም። ያረጀ ሞተር ላይ አደጋ የሚያመጣው ጎማው መሬት ረግጦ ሳለ የማይታይ ልቅነት ነው። በግምት ሲታይ ደግሞ አንዱ መርማሪ ያሳለፈውን ሌላው ይጥለዋል፤ የትኛው ልክ እንደሆነ የሚዳኝ ቁጥር የለም።

ከሁሉ በፊት ፍሬኑ። አብዛኞቹ በታምቡር ፍሬን ነው የሚሠሩት፤ ጎማው መሃል ባለው ክብ ቤት (ታምቡር) ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ጫማዎች ተከፍተው ይይዙታል። ብዙዎቹ የታምቡሩ ክዳን ላይ ትንሽ ቀስት አለቻቸው፤ ፍሬን ሲያዝ ቀስቷ ክዳኑ ላይ ካለው ምልክት ከደረሰች ሸራው አልቋል። እዚህ ላይ በደንብ መታወቅ ያለበት ማታለያ አለ። ሸራው ሲሳሳ ፔዳሉ የሚስበው ክንድ ከካሙ (ጫማዎቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጥርስ ይነቀልና አንድ ጥርስ ተዛውሮ ይገጠማል። ፔዳሉ ወዲያው ይጠነክራል፤ በእግሩ ረግጦ የሚሞክር መርማሪም ፍሬኑ ጥሩ ነው ብሎ ያሳልፋል። ውስጥ ግን ጫማዎቹን የሚከፍተው ካም ከልኩ በላይ እየዞረ ነው። አንድ ቀን በኃይል ሲረገጥ ይገለበጥና ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል፤ ጎማው መንገድ ላይ ይቆለፋል። ለማጣራት ከካሙ ጫፍና ከክንዱ ላይ የተመቱትን ነጥቦች ማየት ይበቃል። ነጥቦቹ ካልተገጣጠሙ ታምቡሩ ይከፈት። ሸራው ከ2 ሚሊሜትር ከሳሳ ይለወጣል። የታምቡሩ የመጨረሻ ልክ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ተቀርጿል፤ ለምሳሌ በ110 ሚሊሜትር የተሠራው 111 ላይ ያበቃል። በሰፋ ታምቡር ላይ አዲስ ሸራ ቢገባ የሚነካው በመሃሉ ብቻ ስለሆነ አይዝም።

በምርመራው ጠዋት ሞተሩን ማጠብም ውጤቱን ያዛባል። ውኃ የገባው ሸራ ስለሚንሸራተት ደህናው ፍሬን ይወድቃል። ፍሬኑን ቀስ ብሎ ይዞ ጥቂት መንገድ መንዳት ያደርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ይፈተን። በግፊት የሚረጭ ውኃ ደግሞ የጎማው ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግራሱን ያጥባል። (ጣና ዳር ማጠብማ ፈጽሞ መቆም አለበት። ዘይቱ የሚሄደው ዓሣ ወደምናወጣበት ውኃ ነው።)

ቀጥሎ መሪው። ከሞተሩ ሥር ጠንካራ ሳጥን ተደርጎ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሣ፤ መሪው ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ይዙር። ልክ ቀጥ ሲል ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተቦርቡሯል። ሁልጊዜ መሃሉ ላይ የሚጎዳው ቀጥታ ስንነዳ የኮብልስቶኑ ምት በኩሽኔታው እያንዳንዷ ጥይት (የብረት ኳስ) ሥር አንድ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ዳዶውን ማጥበቅ አይፈውሰውም፤ እንዲያውም መሪው ቀጥ ባለበት እየተነከሰ ሞተሩ ወዲያና ወዲህ እንዲዋዥቅ ያደርጋል። ጥይቶቹ የሚቀመጡበት የላይኛውም የታችኛውም ኩባያ ከነጥይቶቹ ይለወጥ። ከዚያ የፎርኬላው (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) ሁለት እግሮች ከታች ተይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝወዙ፤ ኳ የሚል ድምፅ ካለ ልቅ ነው። የኋላው ጎማም ተነሥቶ ወደ ጎን ይገፋ። ጎማው ብቻ ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ጎማውን የያዘው ሹካ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ግን የሹካው ቦኮላ (ሹካው የሚንቀሳቀስበት ቀለበት) አልቋል።

ካቴናን (የኋላውን ጎማ የሚያዞረውን ሰንሰለት) በጣት ነካ አድርጎ «ደህና ነው» ማለት ምርመራ አይባልም። እኩል ስለማያልቅ ጎማው እየዞረ ሦስት አራት ቦታ ይለካና ልቅነቱ ባነሰበት ቦታ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ይሁን። 428 ቁጥር ካቴና ተወጥሮ ከአንደኛው ፒን መሃል እስከ 21ኛው ፒን መሃል ሲለካ አዲሱ 254 ሚሊሜትር ነው። 259 ከደረሰ ከሚዞርባቸው ሁለት ባለ ጥርስ ጎማዎች (ጥርሶች) ጋር ይለወጥ፤ አዲስ ካቴና ባለቀ ጥርስ ላይ ቶሎ ይበላል። የማያያዣው ክሊፕ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት መዞሩም ይታይ። ተገልብጦ ከተገጠመ አንድ ጠጠር ያወልቀዋል።

ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጥርሱ ብቻ ነው፤ ይህ ግን አይበቃም። ጎኑ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2314 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2014 ዓ.ም. 23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ ጎማ ማለፍ የለበትም። የፍሬን መብራት በእጅም በእግርም ለየብቻ ይሞከር፤ የእጁ ማብሪያ ተበላሽቶ ሳይታወቅ ዓመት ይቆያል። ጭስ ደግሞ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይታይ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያበዛል፤ ከዚህ የሚመጣው ጥቁር ጭስ በማስተካከል የሚድን ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን በባለ አራት ምት ሞተር ላይ ዘይት መቃጠሉን ይናገራል።

ለዚህ ሁሉ የብረት ማስመሪያ፣ ካሊፐርና አንድ ሳጥን ይበቃሉ፤ ታምቡር ካልተከፈተ ከሩብ ሰዓት ብዙ አይፈጅም። የምርመራ ተቋማትና የትራንስፖርት ቢሮው «አልፏል» ከሚለው ቃል አጠገብ የካቴናው ልክ፣ ታምቡር ከተከፈተም የሸራውና የታምቡሩ ልክ በቁጥር የሚሞላበት ቅጽ ቢያዘጋጁ፣ አንዱ ቅጂም ለባለንብረቱ ቢሰጥ፣ የሚቀጥለው ዓመት መርማሪ ከዚያ ይጀምራል። አምና 255 የነበረው ካቴና ዘንድሮ 258 ከሆነ፣ ለጊዜው ቢያልፍም ክረምት ሳይገባ እንዲለውጠው ለባለሞተሩ ይነገረዋል።

የሞተር ሳይክል መካኒክ፣ ከባሕር ዳር