ጠባሳው የት እንደሚያርፍ ሳይሳል ቀብድ አይከፈልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

«ጠባሳ የማይተው የጭን ማንሻ» የሚል የቀዶ ጥገና ማስታወቂያ በቴሌግራምና በቲክቶክ መዘዋወር ከጀመረ ሰንብቷል፤ አንዳንዴም የጋዜጣ ማስታወቂያ ገጽ ላይ ብቅ ይላል። እኛ በፕላስቲክ ቀዶ ጥገናና በቁስል እንክብካቤ ሙያ የምንሠራ ነን። የምንጽፈው ማስታወቂያው የሚዘለውን ነገር አንባቢ ገንዘብ ሳይከፍል በፊት እንዲያውቀው ነው። ቆዳ ተቆርጦ እስከወጣ ድረስ ጠባሳ ይኖራል። ታካሚው የሚመርጠው የጠባሳውን ቦታና ርዝመት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ችግሩ ስብ ነው ወይስ ቆዳ? ቆመው የውስጥ ጭንዎን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይልቀቁት። ወፍራም ሆኖ የሚያዝና ሲለቁት ወዲያው የሚመለስ ከሆነ ስብ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር በሆኑ ቀዳዳዎች ስብ መምጠጥ፣ ማለትም ላይፖሰክሽን፣ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ማስታወቂያዎቹ «ያለ ጠባሳ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። ቀጭን ሆኖ የሚታጠፍ፣ ሲለቀቅም ተንጠልጥሎ የሚቀር ከሆነ ግን የተረፈው ቆዳ ነው። እንዲህ ካለ ጭን ስብ ቢመጠጥ ውስጡ እንደተራገፈ ከረጢት ይብሱን ይወርዳል። ቆዳ ያሞቃሉ የሚባሉት የሬዲዮ ሞገድ መሣሪያዎች መጠነኛ መላላትን ትንሽ ያሻሽሉ ይሆናል እንጂ 50 ኪሎ የቀነሰ ሰው ቆዳ ላይ የሚያመጡት ለውጥ እዚህ ግባ አይባልም። በቅባት የሚሰበሰብ ቆዳም የለም።

አጭሩ ቀዶ ጥገና ብሽሽት ውስጥ የሚቀር ነው። ከፊት ከብሽሽት እጥፋት ተነሥቶ በጭኑ ውስጠኛ በኩል ወደ መቀመጫ ሥር ይዞራል፤ ጨረቃ የምትመስል የቆዳ ቁራጭ ይወጣና የቀረው ወደ ላይ ተስቦ ይሰፋል። ጠባሳው ከውስጥ ሱሪ ሥር ይሰወራል። ስለዚህም ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሆኖም የሚያነሣው የጭኑን የላይኛውን ሢሶ ብቻ ነው፤ ከመሃል ጭን እስከ ጉልበት ያለው ላላ እንዳለ ይቀራል።

የዚህኛው ትልቁ ችግር የሚታየው ዘግይቶ ነው። የጭን ቆዳ ከባድ ነው፤ ሰው በቆመ፣ በተራመደ ቁጥር ስፌቱን ወደ ታች ይስበዋል። ብሽሽት ላይ የነበረው ጠባሳ በወራት ውስጥ ከውስጥ ሱሪው ጠርዝ ወርዶ ይሰፋል፤ በሴቶች ላይ ደግሞ የብልት ከንፈር ወደ ጎን ተስቦ ይከፈታል። ይህ ለዕይታ ከመክበዱ ሌላ መድረቅንና ምቾት ማጣትን ያመጣል፤ ማስተካከሉም ቀላል አይደለም። መፍትሔው እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ይታወቃል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቴድ ሎክዉድ በዚያ ዓመት ባሳተሙት ሥራ የጭኑ ሽፋን ከቆዳ ጋር ብቻ መሰፋቱን ትቶ፣ በብልት አጠገብ ከአጥንቱ ጋር ተያይዞ ከሚገኘው ጠንካራ ሽፋን፣ ከኮሌስ ፋሺያ፣ ጋር እንዲታሰር አሳይተዋል። ክብደቱን የሚሸከመው ያ ሽፋን ነው፤ ቆዳው ሳይወጠር ይገጥማል። ሐኪምዎን «ስፌቱን የሚያስሩት ከምን ጋር ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ሐኪም ማየት ይሻላል። በደንብ ታስሮም ቢሆን የተወሰነ መውረድ አይቀርም፤ አይወርድም ብሎ የሚምል ሐኪም ካለ አትመኑት።

ሁለተኛው ረጅሙ ነው። ከብሽሽት ተነሥቶ በውስጠኛው ጭን ቁልቁል እስከ ጉልበት አካባቢ ይወርዳል፤ ቆዳውን ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ የጭኑን ዙሪያ ያጠባል። በጨጓራ ቀዶ ጥገናም ሆነ በራሱ ጥረት ብዙ ኪሎ ለቀነሰ ሰው በአብዛኛው የሚበጀው ይሄ ነው። መስመሩ ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ ሲደረግ ሰው ቆሞ ከፊት አይታይም፤ እግር ከፍቶ ሲቀመጥ፣ በዋና ልብስና በቁምጣ ግን ይታያል። ርዝመቱ እንደ ሰው ቁመት 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። የታችኛው ጫፍ ጉልበት ላይ የሚደርስ ከሆነ ቀጥ ብሎ መገጣጠሚያውን ማቋረጥ የለበትም፤ ያቋረጠ ጠባሳ ሲኮማተር እግር መዘርጋትን ያውካል።

ቁመቱም ወርዱም ለተረፈ ቆዳ ሁለቱ ይጣመሩና ብሽሽት ላይ «ቲ» ወይም «ኤል» የተባሉትን የላቲን ፊደላት ቅርጽ ይይዛሉ። ሦስቱ መስመሮች የሚገናኙባት ነጥብ የዚህ ቀዶ ጥገና ደካማ ጎን ናት። የቆዳው ጫፍ ደም የሚደርሰው በቀጭኑ ነው፣ ቦታው ላብ አያጣውም፣ ከሽንትና ከሰገራ መውጫም ቅርብ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግድም የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ ብትከፈት የሚያስደነግጥ አይደለም። በየቀኑ እየታጠበችና ንጹሕ ፋሻ እየተደረገላት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ትሞላለች። ቸኩሎ እንደገና መስፋት ጀርም መቆለፍ ነው። «ኤል» የሚመረጠው መገናኛ ነጥቡን ወደ አንድ ማዕዘን ስለሚያለዝበው ነው።

የውጨኛው ጭንና የመቀመጫ ጎን መውረድ በእነዚህ አይነሣም። ለእርሱ ወገብን እንደ ቀበቶ የሚዞር ሌላ ቀዶ ጥገና አለ። ሆድም ጭንም የሚሠራለት ሰው የወገቡን አስቀድሞ፣ የውስጥ ጭኑን ከ3 እስከ 6 ወር ቆይቶ ቢያሠራ ይመረጣል፤ ወገቡ ሲነሣ ጭኑም አብሮ ስለሚነሣ የሚቆረጠው ልክ ይለወጣል።

ቀዶ ጥገናው የሚጀምረው ከማደንዘዣ ክፍሉ ውጭ፣ ታካሚው ቆሞ በእስክሪብቶ ሲሳልበት ነው። ተኝቶ የተሳለ መስመር አያስተማምንም፤ ቆዳው በጀርባ ሲተኙ ይሸሻል። የሚወጣው ክፍል ስቡ መጀመሪያ ይመጠጣል፤ ከዚያ ከላይ ያለው ቆዳ ብቻ ይገፈፋል። ምክንያቱ ሊምፍ የተባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያጓጉዙት ቀጫጭን ቱቦዎችና ትልቁ የእግር ደም መልስ ሥር እዚያው ሥር ስላሉ ነው። እነሱ ከተቆረጡ እግር አብጦ ይቀራል። በሁለት መስመር መካከል ያለውን በአንዴ ገፎ ጭኑን ክፍት መተው ደግሞ ክፉ ስሕተት ነው፤ ሕብረ ሕዋሱ በደቂቃዎች ያብጥና ጠርዞቹ አልገናኝ ይላሉ። የሚሠራው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆርጦ በስቴፕል እያያዙ፣ ቀጥሎ ሌላውን እየቆረጡ ነው። በግድ ተወጥሮ የተገጠመ ጭን የሚያተርፈው ሰፊ ጠባሳ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ያለው ዝግጅት ከስፌቱ እኩል ይወስናል። ክብደት ቢያንስ ስድስት ወር ያህል ባለበት መቆየት አለበት፤ ጨጓራቸውን ያሠሩ ሰዎች ከ12 እስከ 18 ወር ይጠብቁ። የደም ማነስ፣ ብረትና ቫይታሚን ቢ 12 ይመርመሩ፤ በጨጓራ ቀዶ ጥገና ያለፉ ሰዎች ላይ እጥረቱ የተለመደ ነው። ሲጋራም ሺሻም ከ4 ሳምንት በፊት ይቁም፣ ከዚያ በኋላም ለ4 ሳምንት አይመለስ፤ የቆዳውን ጫፍ የሚያጠቁረው ደም ሥር የሚያጠብበው ኒኮቲን ነው። ጫትም ደም ሥር ያጠብባል፣ ግፊትም ይጨምራል፤ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ሊደበቅ አይገባም። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶችም የደም መርጋት አደጋ ስላለ ቀድመው ይናገሩ።

ፕሮቲን ላይ እንቆይ፤ እዚህ አገር ቁስል የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት ነውና። ቁስል ለሚያድን ሰው በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ያስፈልጋል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ከ84 እስከ 105 ግራም ማለት ነው። አንድ ስኒ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጣል፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም። ጨጓራው የጠበበ ሰው በጾም ሽሮ ብቻ ያንን ልክ መሙላት ይከብደዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የቁስሉ ዋና ወራትም ያህላል። ስለዚህ ቀጠሮውን ከጾም ውጭ ማድረግ ወይም አስቀድሞ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይበጃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እግራቸው ከቀድሞ ጀምሮ የሚያብጥ ሰዎች፣ ዝሆኔ ይሁን የደም ሥር መወጠር፣ መንስኤው ሳይታወቅ ጭናቸውን ማስነካት የለባቸውም። ጭንና ባታቸው በሁለቱም በኩል ወፍሮ፣ ሲነካ የሚያም፣ በቀላሉ የሚበልዝ፣ እግር ጣታቸው ግን ቀጭን የሆነ ሴቶችም ሊፒዴማ የተባለው የስብ ክምችት በሽታ ሊሆንባቸው ስለሚችል ይመርመሩ።

በሕክምና ጽሑፎች በተሰበሰቡ ሪፖርቶች በውስጥ ጭን ቀዶ ጥገና ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ታካሚዎች አንድ ዓይነት ችግር ገጥሟቸዋል። አብዛኛው የቁስል መከፈትና የውኃ መቋጠር ነው፤ በጊዜና በፋሻ ያልፋል። ያም ሆኖ ቁጥሩ ለታካሚው አስቀድሞ መነገር አለበት። አጥባቂ ልብስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይለበሳል። ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ ከተደረገ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲያወጣ ይነቀላል። ገላ መታጠብ ከ48 ሰዓት በኋላ ይቻላል፤ ብሽሽቱን ግን በንጹሕ ጨርቅ ጠብጥቦ ማድረቅ ግድ ነው፣ ማሸት አይፈቀድም።

ከውጭ የተቀዱ መመሪያ ወረቀቶች የማይጠቅሷቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የብሽሽት ስፌት ጠላት ነው፤ መቀመጫ ያለው ወይም ቀዳዳ ወንበር ይዘጋጅ። ከዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቡና ማፍላትም እንዲሁ። ስግደትና ሱጁድ ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሁን። ከሽንት ቤት በኋላ ማጽዳት ከፊት ወደ ኋላ ነው። አንቲባዮቲክ ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ፣ ቅቤ መቀባት፣ ማር ከጠርሙስ ማፍሰስ ይቅር። በአንድ በኩል ያለ ጭን በመጀመሪያው ቀን በፍጥነት ካበጠ፣ አንድ ባት ካመመና ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ ወይም መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ የስልክ መልእክት መጠበቅ ሳይሆን ሆስፒታል መሄድ ነው።

ወደ ኢስታንቡል ወይም ወደ ዱባይ ሄደው የሚሠሩም ይኖራሉ። ዋጋው ሲነጻጸር የመመለሻው ጊዜና የሁለተኛው ሳምንት ቁስል ይረሳል። ቁስል የሚከፈትበት ሳምንት ላይ ሐኪሙ አገር ተሻግሮ ነው ያለው፣ ረጅም በረራም የደም መርጋት አደጋ ይጨምራል። ሁለት ሳምንት ሳይቆዩ አለመመለስ፣ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት በእጅ መያዝ፣ አዲስ አበባም ቁስሉን የሚያይ ሐኪም ከመሄድ በፊት ማነጋገር ያስፈልጋል።

ጠባሳው ለመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ጠቁሮ ወይም ቀልቶ፣ ጠንክሮና አሳክኮ ይቆያል፤ የሚበስለው ከ12 እስከ 18 ወር ነው። በጠይም ቆዳ ላይ መጥቆሩ ከመቅላቱ ይልቅ ይጎላል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ የሲሊኮን ፕላስተር በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ ለ3 ወር መለጠፍ ይረዳል። ጠባሳው ከመስመሩ ሳይወጣ ካበጠ ሐኪም ትራያምሲኖሎን የተባለ ስቴሮይድ መድኃኒት በመርፌ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ይሰጣል። ከመስመሩ አልፎ የሚያድገው ኬሎይድ ውስጥ ጭን ላይ ከጆሮና ከደረት ይልቅ ያነሰ ነው፤ ጆሮው ሲበሳ ወይም ሲከተብ ኬሎይድ የወጣበት ሰው ግን ቀድሞ ይናገር። መጥቆሩን ለማንጣት ክሎቤታሶል የተባለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለበትን የገበያ ክሬም መቀባት ትልቁ ጥፋት ነው፤ ያንን ስስ ቆዳ የበለጠ ያሳሳዋል፣ በጎኑም አዲስ ሸንተረር ያወጣል። ሌዘር ካስፈለገ ለጥቁር ቆዳ የሚስማማው፣ የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖ ሜትር የሆነው፣ መሆኑን ይጠይቁ። ጠባሳን ለማስተካከል እንደገና መቁረጥ ከአንድ ዓመት በፊት አይታሰብም።

በአገራችን የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሙያ፣ ለምሳሌ እንደ የካቲት 12 ባለ ሆስፒታል፣ ስሙ የሚነሣው ለቃጠሎና ለከንፈር መሰንጠቅ ነው፤ የሚያስከብርም ነው። የጭን ቆዳ ሥራ ግን ለብቻው ልምድ ይጠይቃል፤ ስፔሻሊስቱን «ጭን ስንት ሠርተዋል?» ማለት ነውር የለበትም። ዝግጅት ክፍሉንም የምንለምነው፣ «ጠባሳ የማይተው» የሚል ማስታወቂያ ሲቀርብ የሠሪውን የሙያ ፈቃድና የቀዶ ጥገናውን ዓይነት እንዲጠይቅ ነው። አንባቢም ከቀብዱ በፊት ራሱ ቆሞ ሳለ ሐኪሙ በእስክሪብቶ ጭኑ ላይ መስመሩን ይሳልለት፤ በስልኩም ፎቶ ያንሣው። ሐኪሙ የሚያሳየው የሌሎች ታካሚዎች ፎቶም ከአንድ ዓመት በኋላ እግር ተከፍቶ የተነሣ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፕላስቲክ ቀዶ ጥገናና የቁስል እንክብካቤ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ