ለሙሉቀን፤ ስለ መዥገሩ ጉዳይ

ይድረስ ለወዳጄ ለሙሉቀን፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መጠፋፋታችን ልክ አልነበረውም። ከአሜሪካ ጠቅልለህ ገብተህ ደንበጫ ላይ ላም ማርባት መጀመርህን ሳነብ ደስ አለኝ። ሌላውን ወሬ ስንገናኝ እናደርሰዋለን፤ አሁን ስለ መዥገር ንክሻና ስለሚያመጣው በሽታ የጠየቅኸኝን ልመልስ።

ላይም ስለሚባለው በሽታ አትጨነቅ። እሱን ወደ ሰው የሚያስተላልፉት መዥገሮች እዚያ አንተ በነበርክበት አገር፣ በአውሮፓና በእስያ ያሉት ናቸው። የላይም ምልክት የሆነውን፣ እየሰፋ የሚሄደውን ቀይ ክብ እዚህ ስትፈልግ የኛው ምልክት ያመልጥሃል። ከጎጃም ከብት የማይጠፋው፣ ሰውንም የሚነክሰው አምብሊዮማ የሚባለው ትልቁ መዥገር ነው፤ ወንዱን ጀርባው ላይ ባለው ብርቱካናማ ዝንጉርጉር ትለየዋለህ። ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚባል ባክቴሪያ ይሸከማል፤ በሽታው የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ይባላል። ባክቴሪያው እኛው አገር ከከብት መዥገር ላይ ከተገኘ 50 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

አብዛኛውን ጊዜ ከተነከሱ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የማጅራት ሕመም ይጀምራል። የተነከሰው ቦታ መሃሉ ጠቁሮ ቅርፊት ይይዛል፣ ዙሪያው ይቀላል። ብዙ ስለማያምም ሰው እሾህ የወጋው ይመስለዋል። እግር ላይ ከሆነ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ያወጣል። ከአንድ በላይ ጥቁር ቅርፊት ካየህ ጥርጣሬህ ይበርታ፤ እነዚህ መዥገሮች አንዱን ሰው ብዙ ሆነው መንከስ ያውቁበታል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ትኩሳት ይዞህ ስትሄድ መጀመሪያ የወባ ደም ይታያል፤ ይህ ተገቢ ነው፣ ቆላ ወርደህ ከነበርክ ደግሞ ግድ ነው። ወባ ሲጠፋ ግን ብዙ ቦታ የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ይታዘዛል። የታይፈስ የሚባለው ዌይል ፌሊክስ ሌላ ባክቴሪያን ተጠቅሞ በተዘዋዋሪ የሚለካ ያረጀ ምርመራ ነው፤ ያልታመመውን ታመሃል፣ የታመመውን ደህና ነህ ይላል። ከዚያ አሞክሳሲሊን ወይም ሴፍትሪያክሶን ይሰጥሃል፤ ሁለቱም ሪኬትሲያን አይነኩትም። የሚሠራው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ለአዋቂ 100 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለ7 ቀን። በ2 ቀን ውስጥ ትኩሳቱ መብረድ ይጀምራል። በብዙ ውኃ ውጠህ ወዲያው አትተኛ፣ ጉሮሮ ያቃጥላል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ሐኪም ይወስን። ገና ለገና መዥገር ነከሰኝ ብለህ ግን አትዋጥ። አንተ ሳትጠየቅ «መዥገር ነክሶኛል» ብለህ ቅርፊቱን አሳይ፤ ሱሪህን ካላወለቅህ ማንም አያየውም።

አወጣጡን ደግሞ በደንብ ያዝልኝ። የሚያስፈልግህ ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ነው። ሆዱን ሳይሆን አፉን፣ ቆዳው ላይ ተጠግተህ ያዝ፤ ሆዱን ከጨመቅኸው የውስጡን ፈሳሽ ወደ አንተው ይመልሳል። ሳትጠመዝዝ፣ ሳትነጥቅ፣ ቀጥ አድርገህ ቀስ ብለህ ሳብ። የአምብሊዮማ አፍ ረጅም ስለሆነ ተሰብሮ ሊቀር ይችላል፤ በቀላሉ ከወጣ አውጣው፣ እምቢ ካለ ተወው፤ ቆዳው ራሱ ይገፋዋል። በመርፌ መቆፈር ነው ቁስሉን የሚያመረቅዘው። ቦታውን በሳሙናና በውኃ እጠብ፣ አልኮል ካለ ጨምር። ላምባ፣ ቅቤ፣ የክብሪት እሳት፣ ይህን ሁሉ እርሳው፤ መዥገሩን አስጨንቆ ምራቁን ያስተፋዋል እንጂ ቶሎ አያስለቅቀውም። ያወጣኸውን በጥፍርህ አታፍርጥ፤ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ክተት፣ ቀኑን ጻፍበት። ለአንድ ወር ያህል ራስህን ተከታተል።

ልጆቹን ማታ ማታ ልብስ አስወልቀህ እያቸው። ሲነክስ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ስለዚህ ምንም አላሉኝም ብለህ አትተው። ብብት፣ ብሽሽት፣ ቋንጃ፣ እምብርት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥር። ገና የተፈለፈሉት ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጡም፣ እግራቸውም 6 ብቻ ነው፤ ልብስ ላይ ከተንጋጉ በፕላስተር እየለጠፍህ አንሳቸው። በረት ስትገባ ሱሪህን ካልሲ ውስጥ ክተት፤ ነጣ ያለ ልብስ ከሆነ ሲወጡ ታያቸዋለህ።

ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም የሚፈሰው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ የሚቃዥ ወይም አንገቱ የደረቀ ሰው ካለ ግን ጤና ጣቢያ አትቆይ፤ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውሰደው።

አንድ ነገር አስፈራኝ፤ የከብቱን መርጫ ለሰው ራስ የሚቀቡ አሉ ብለሃል። ዲያዚኖንም ሆነ አሚትራዝ ለሰው መርዝ ነው፤ ከልጅ ቆዳ ጋር አይገናኝ። ለከብቱም ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው አታሳንስ፤ የቀጠነ መርጫ መዥገሩን ያስለምደዋል። ጓንት አድርግ፣ ነፋሱን በጀርባህ አድርገህ እርጭ፣ ወተቱን ስንት ቀን እንደማትጠጣ እሱው ላይ ተጽፏል። የትኛውን እንደምትጠቀም፣ ስንት ውኃ ውስጥ እንደምትበጠብጠው፣ በየስንት ቀኑ እንደምትረጭ ጽፈህ ላክልኝ።

ወዳጅህ፣ ከባህር ዳር