ውጭ አገር የተጫወቱ ልጆቻችንን ጠይቁልን

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ኮምቦልቻ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። የወጣሁት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከሽመና ክፍል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ ስወጣ ጋዜጣችሁን ፒያሳ እገዛለሁ። መጀመሪያ የምገልጠውም የእናንተን ገጽ ነው። ዛሬ የጻፍኩት ለወቀሳ አይደለም፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ ብዬ ነው።

ውጭ አገር ክለብ ሄደው የተጫወቱ ልጆቻችንን አናግሩልን። ስንት ተከፈለህ፣ ስንት ጎል አገባህ ብቻ አይደለም። እዚያ እንዴት እንደኖሩ ጠይቁልን። ማን በር ከፈተላቸው? ምን በሉ? ምን አስከፋቸው?

ይህ ነገር ውስጤ የገባው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። በ1960ዎቹ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሒሳብ መምህራችን ህንዳዊ ነበር። ያን ጊዜ በየከተማው ህንዳውያን መምህራን ነበሩ። የእኛው መምህር ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ ይወዳል። አንድ ቀን የባሕር ዛፍ ጣውላ አናጺ ዘንድ አስጠርቦ መጣ። ሦስት ቀጫጭን እንጨት መሬት ላይ ተከለና አንዳችንን ፊቱ አቆመ። ኳሱ እንጨቶቹን እንዳይመታ በጣውላው መመለስ ነው ሥራው። እኛ ደግሞ የገና ጨዋታ ልጆች ነን። ዱላ ከያዝን ሩሯን ከመሬት እየጠረግን መንዳት ነው የምናውቀው። እሱ ግን "አትቸኩሉ፣ ኳሱ ራሱ ይምጣላችሁ" ይለናል። የጦሳ ተራራ ንፋስ ኳሳችንን እየወሰደ ግማሹ ሰዓት በፍለጋ ያልቅ ነበር።

ሲደክመን ተቀምጠን ስለ ተጫዋቾች ያወራናል። ከሁሉ አብልጦ የሚያነሳው አንድ ሰው ነው፦ ሊሪ ኮንስታንታይን። የትሪኒዳድ ሰው ነው፣ ጥቁር። ለዌስት ኢንዲስ፣ ማለትም ለካሪቢያን ደሴቶች የጋራ ቡድን፣ የተጫወተ ትልቅ ክሪኬተኛ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1929 ኔልሰን በምትባል ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ክለብ ተቀጠረ። ላንክሻየር ውስጥ ነች። በዚያ ሊግ እያንዳንዱ ክለብ የሚያሰልፈው አንድ ደመወዝተኛ ተጫዋች ብቻ ነበር። የቀሩት ዐሥሩ የከተማው ሰዎች ናቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ውለው ቅዳሜ የሚጫወቱ።

ያን ጊዜ ሰምቼ ዝም አልኩ። ከዓመታት በኋላ ፋብሪካ ስቀጠር ነው ነገሩ የበራልኝ። ኔልሰን የሸማኔ ከተማ ነበረች! የጥጥ ጨርቅ ይሠራባት ነበር። ሽመና ክፍል ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። መኪኖቹ ሲነሱ ጩኸቱ ጆሮ ይደፍናል። አጠገብህ ያለውን ሰው የምትሰማው በከንፈሩ ነው። ምሳ ደረሰ፣ ክር ተበጠሰ፣ ሁሉም በከንፈርና በእጅ ነው። የላንክሻየር ሸማኔዎችም እንዲሁ በከንፈር ያወሩ እንደነበር ሳነብ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። እነዚያ ሰዎች ናቸው ቅዳሜ ወጥተው ኮንስታንታይንን የሚያዩት። ጥሩ ከተጫወተ በተመልካቹ መሐል እየተዞረ ገንዘብ ይሰበሰብለታል። እኛ ሰርግ ላይ ጥሩ የዘፈነን እንደምንሸልመው ነው።

መጀመሪያ ግን ቀላል አልነበረም። ከተማው ጥቁር ሰው ብዙም አላየም። ሰው በመስኮት እያጮለቀ ያየው ነበር። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ትቶ ሊሄድ አስቦ ነበር። ባለቤቱ ኖርማ ናት ያቆመችው። ውሉን ሳይጨርስ ቢሄድ ተሸንፎ እንደሄደ ይቆጠራል አለችው። ቆየ። ዘጠኝ የውድድር ዘመን ተጫወተ፤ ኔልሰን በእነዚያ ጊዜያት ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1969 የእንግሊዝ መንግሥት የሎርድነት ማዕረግ ሲሰጠው ከማዕረጉ ጋር ያስጠራው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ትሪኒዳድ ያለው ማራቫል ነው። ሁለተኛው ኔልሰን። በመስኮት ያጮለቁበትን ከተማ ስም ነው እስከ ሞቱ የተሸከመው። ይህን ሳስብ ዛሬም ሆዴ ይባባል።

ከዚህ ብዙውን የምናውቀው ሰውየው ትዝታውን ስላስቀመጠ ነው። ሲጽፍ ያገዘው የአገሩ ልጅ፣ ጸሐፊው ሲ.ኤል.አር. ጄምስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ወደ እንግሊዝ ሲመጣ ኔልሰን ከተማ ኮንስታንታይን ቤት ነው ያረፈው። ደሴዎች ሆይ፣ እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ይኸው ጄምስ ጣሊያን አገራችንን ሲወር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ የቆመ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ አባቴ ትንሽ ልጅ ነበር። ጃንሆይም ያኔ ደሴ ነበሩ። አባቴ ስለዚያ ቀን ሲያወራ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እኛን የሚያውቀን የለም ብሎ ያስብ የነበረ ይመስለኛል። የሚያውቀን ግን ነበር።

ወደ እኛ ልምጣ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2014 የህንድ የእግር ኳስ ሱፐር ሊግ ሲጀመር የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረው ፍቅሩ ተፈራ ነው። የእኛው ልጅ! ኮልካታ ላይ፣ ለአትሌቲኮ ደ ኮልካታ። ከክለቡ ባለቤቶች አንዱ የህንድ ክሪኬት ቡድን አምበል የነበረው ሱራቭ ጋንጉሊ ነበር። መምህሬን ያኔ ባገኘው ምንኛ ደስ ባለኝ። ጎሉን ሁሉም ያውቀዋል። ያን ቀን ማታ ፍቅሩ ምን በልቶ እንደተኛ፣ ማን ደውሎ እንኳን ደስ አለህ እንዳለው ግን እኔ የትም አላነበብኩም። ሳላዲን ሰይድ ግብፅም ቤልጂየምም ተጫውቷል። የቤልጂየም ብርድ እንዴት አድርጎት ይሆን? ጠይቁልን።

ስማቸው ያልገነነም አሉ። ጎረቤቴ አንድ ልጅ አለ። ስሜን አትጥራ ስላለኝ አልጠራውም። ሱዳን ሁለት ዓመት ተጫውቶ ጉልበቱን ታሞ ተመለሰ፣ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ቡና ላይ ማሊያውን አምጥቶ አሳየኝ። እኔ የጨርቅ ሰው ነኝ፣ እጄ ሳይዳስስ አይለቅም። ጀርባው ላይ ያለው ሰባት ቁጥር በክር ተሰፍቷል። ዙሪያውን ጥቅጥቅ ብሎ፣ እንደ መከዳ ጥልፍ።

"ይሄን ማን ሰፋው?" አልኩት።

"ያከራየችኝ ሴትዮ ናት ጋሼ። ፀሐዩ ሲልጠው ጊዜ። 'ያ ሐበሺ፣ እንደዚህ ሆነህ አትወጣም' አለችኝ።"

የመጀመሪያው ሳምንት ኪስራ የሚሉትን የሱዳን ቂጣ በሳሕን ይዛለት እንደመጣች ነገረኝ። እንጀራ ነው ብሎ ሲጠቀልለው እንደ ወረቀት ስስ ሆነበት። ሴትየዋ እስኪጨርስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ጉልበቱን የታመመ ጊዜ ደግሞ ከቡድኑ ማንም ሳይመጣ የሞቀ ዘይት ይዛ የመጣችው እሷ ናት። ይህን ሲያወራ አንገቱን ደፋ። አብሽር አልኩት እንጂ ሌላ ምን እላለሁ?

"ለሰው አውርተኸው ታውቃለህ?" አልኩት።

"ማን ጠይቆኝ ጋሼ" አለኝ።

እኔ ጠየቅሁት። ማታ ማታ ባጃጁን ሲያቆም እየመጣ ያጫውተኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ባለ ካሬ ደብተር ላይ ዐሥራ አንድ ገጽ ደርሰናል። ገና ወደ ኦምዱርማን የተሻገሩበት ጨዋታ ላይ ነን። ቦታ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ደሴ ስወጣ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሽመና ክፍል ጡረተኛ
ከኮምቦልቻ