ከብሬሱ በፊት ድዱ ይታይ

ይድረስ ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

«በስድስት ወር የተስተካከለ ጥርስ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየመንገዱና በየስልኩ እየተበራከቱ ነው። አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ ዕቃው፣ ማለትም ስለ ብሬሱ (ጥርስ ማስተካከያው ሽቦ) ነው፤ የብረት፣ የሴራሚክ፣ የማይታይ እያሉ ዋጋ ይደረድራሉ። ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላው ሰው በዚህ ከጀመረ ግን ከጅራቱ ጀመረ ማለት ነው። አዋቂ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት ድዱና ጥርሱን የያዘው አጥንት ነው። ቀጥሎ የንክሻው ችግር ከጥርሱ ይሁን ከመንጋጋ አጥንቱ ይለያል። የሽቦው ዓይነት የሚመረጠው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ምን እንደሚበላሽ ለአንባቢ ለማስረዳት ይህን ጽፈናል።

ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ ነገር አይደለም። ሥሩን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙ ቀጫጭን ጅማቶች አሉ። ሽቦ ጥርሱን ወደ አንድ ወገን ሲገፋው በተጨመቀው በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፣ በተለጠጠው በኩል አዲስ አጥንት ይሠራል። ጥርስ በወር ወደ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚጓዘው ለዚህ ነው። ኃይል ስለተጨመረበት አይፈጥንም፤ እንዲያውም ጅማቱ ደም አጥቶ ጉዞው ለሳምንታት ይቆማል። ድዱ ታሞ እያለ ከተገፋ ደግሞ የሟሟው አጥንት ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በሚሊ ሜትር የተከፋፈለች ቀጭን መለኪያ ይዞ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ መለካት አለበት። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከደማ ከድድ ሥር የጠጠረው ቆሻሻ ተጠርጎ፣ ድዱ ታክሞ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይለካል። ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች የሕክምናውን ዕቅድ ሙሉ በሙሉ ሊቀይሩት ስለሚችሉ ባይጠየቁም መናገር ያስፈልጋል። ይህ ልኬትና ራጅ ሳይደረግ ብሬስ ልለጥፍ የሚል ክሊኒክ ካጋጠመ ተነሥቶ መሄድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፍንጭት አንድ ነገር እንበል። ፍንጭት በአገራችን ውበት ነው፤ ሐኪም ሳይጠይቅ ሊዘጋው አይገባም። «ፍንጭቴ አይነካ» ብሎ በመጀመሪያው ቀን ማስመዝገብ ይቻላል፤ ሌሎቹ ጥርሶች ተስተካክለው እሱ ባለበት ይቀራል። ከልጅነት ጀምሮ የነበረ ፍንጭትና በአርባ ዓመት የተከፈተ ፍንጭት ግን አንድ አይደሉም። የኋለኛው አብዛኛውን ጊዜ አጥንት እየተበላ መሆኑን የሚናገር ነው፤ የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ እየተበተኑ ይረዝማሉ፣ ሲነኩም ይነቃነቃሉ። አንዳንዶች በዚህ ጊዜ ትንሽ ላስቲክ በሁለቱ የፊት ጥርሶች ላይ አጥልቀው ራሳቸው ለመዝጋት ይሞክራሉ። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኩ ይንሸራተትና ድድ ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። ሥሩን ተከትሎ ወደ ላይ ሲወጣ ጅማቱንና አጥንቱን እየፈጀ ይሄድና ጤነኛ የነበሩ ሁለት ጥርሶችን ለመነቀል ያደርሳል።

ሌላው የአዋቂ ሰው ጣጣ የተነቀለ መንጋጋ ጥርስ ነው። በስድስት ዓመት ገደማ የሚበቅለውን የመጀመሪያውን ቋሚ መንጋጋ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። «ይወልቃል» ተብሎ ይተዋል፣ ይቦረቦራል፣ መጨረሻውም መነቀል ይሆናል። ዓመታት ሲያልፉ ከኋላው ያለው መንጋጋ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፤ ከትይዩ ያለው ደግሞ የሚገጥመው አጥቶ ወደ ባዶው ቦታ ይወርዳል። ሰውየው ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ላስተክል ብሎ ሲመጣ ቦታው የለም። ያዘነበለውን መንጋጋ ለማቅናት በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ወር ይበቃል፤ ለዚህም አፍ ሙሉ ብሬስ ላያስፈልግ ይችላል። የወረደውን ወደ ላይ ለመመለስ ርዝመቷ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነች ትንሽ ብሎን አጥንት ላይ ትታሰርና ጥርሱ ከእርሷ ይሳባል። ብሎኗ በመደንዘዣ በጥቂት ደቂቃ ትገባለች፤ አንዳንዴ ትላላለች፣ ያኔ ወጥታ በሌላ ቦታ ትተካለች። ቅደም ተከተሉ ግን መዛባት የለበትም። ኢምፕላንት ጅማት ስለሌለው አንዴ ከአጥንት ጋር ከተጣበቀ በምንም ሽቦ አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ጥርሶቹ ይስተካከላሉ፣ ኢምፕላንቱ በኋላ ይተከላል። በሕፃንነታቸው ግግ የወጣላቸው ሰዎች ክራንቻቸው ጠፍቶ ወይም ተበላሽቶ ሲገኝም ክፍተቱን ለመዝጋትም ሆነ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ለማቆየት የሚወሰነው በዕቅዱ መጀመሪያ ነው።

አሁን ወደ አጥንቱ እንሂድ። ንክሻን በሦስት የከፈለው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ያወጣው አከፋፈል ዛሬም ይሠራበታል። በአንደኛው መንጋጋዎቹ በትክክል ይገጥማሉ፣ ችግሩ የጥርስ መደራረብ ወይም መጣመም ነው። በሁለተኛው የታችኛው መንጋጋ አጥንት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ገጣጣ የምንለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመደባል። በሦስተኛው የታችኛው ወደ ፊት ይቀድማል። በጤነኛ ንክሻ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይቀድማሉ። ልጅ ላይ ቢሆን የመንጋጋውን እድገት መምራት ይቻል ነበር፤ አዋቂ ላይ እድገቱ አልቋል። የሚቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው፤ አጥንቱን ትቶ ጥርሱን ብቻ በማንቀሳቀስ ጉድለቱን መሸፈን፣ ወይም አጥንቱን ራሱን በቀዶ ሕክምና ማንቀሳቀስ።

ለመሸፈን ሲወሰን ብዙ ጊዜ ከላይ በግራና በቀኝ ከክራንቻው ኋላ ያሉት ሁለት ጥርሶች ይነቀላሉ። እያንዳንዳቸው ወደ 7 ሚሊ ሜትር ቦታ ይሰጣሉ፣ የፊቶቹም በዚያ ይመለሳሉ። ይህ የሚሠራው እስከ ወሰኑ ነው። የላይኞቹ የቀደሙት ወደ 10 ሚሊ ሜትር ከተጠጋ ጥርሱን ብቻ መመለስ ከንፈሩን ያሰምጠዋል፣ ሥሩንም ከአጥንቱ ጠርዝ ያስወጣዋል። ሦስተኛው ዓይነት ላይ ቀላል ፍተሻ አለ፤ ሰውየው የታችኛውን ወደ ኋላ ስቦ የፊት ጥርሶቹን ጫፍ ለጫፍ ማገናኘት ከቻለ ያለ ቀዶ ሕክምና የመስተካከል ተስፋው የተሻለ ነው፤ ካልቻለ ጉዳዩ የአጥንት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀዶ ሕክምና ከተመረጠ ብሬሱ አስቀድሞ ለአንድ ዓመት ወይም ለአንድ ዓመት ተኩል ይታሰራል። በዚህ ጊዜ ጥርሶቹ በየራሳቸው አጥንት ላይ ስለሚቀኑ ንክሻው ከበፊቱ የባሰ ይመስላል፤ ይህን ያልተነገረው ታካሚ ደንግጦ ያቋርጣል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለግማሽ ዓመት ገደማ ማስተካከያ ይቀጥላል። የታችኛው ከንፈርና አገጭ መደንዘዝ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ይመለሳል፣ ከነጭራሹ የማይመለስበትም ሰው ስላለ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው።

የፊት ጥርስ የማይገናኝበት ክፍት ንክሻ ቀድሞ ቀዶ ሕክምና ብቻ ይሻ የነበረ ሲሆን አሁን የኋላ መንጋጋዎችን በብሎን ወደ ላይ በመሳብ ብዙው ይዘጋል። ከኋላ 1 ሚሊ ሜትር ሲገባ ከፊት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይዘጋል። ምላስን በጥርስ መካከል የማስገባት ልማድ ካልተተወ ግን ተመልሶ ይከፈታል። ጠባብ ላንቃን ማስፋትም በአዋቂ ላይ እንደ ልጅ አይደለም፤ የላንቃው መሀል ስፌት (ሁለቱ የላንቃ አጥንቶች የሚገናኙበት መስመር) ስለሚገጥም በጥርስ ላይ ብቻ የሚታሰር ማስፊያ አጥንቱን ሳይሆን ጥርሱን ወደ ውጭ ያጋድላል። በብሎን የታገዘ ወይም በቀዶ ሕክምና የታገዘ መሆን ይኖርበታል።

ስለ ዕቃው አሁን መነጋገር ይቻላል። ብራኬት (ሽቦውን የሚይዘው፣ ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ትንሽ ቁራጭ) የሚለጠፈው ጥርሱ በ37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሴኮንድ ያህል እንዲሻክር ተደርጎ፣ ታጥቦ፣ ፍጹም ከደረቀ በኋላ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚወልቅ ብራኬት አብዛኛውን ጊዜ በሚለጠፍበት ሰዓት ምራቅ የነካው ነው። ከወንጂ፣ ከመተሐራ፣ ከዝዋይና ከመሳሰሉት የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ለሚመጡ ሰዎች ሌላ ምክንያትም አለ። የውሃው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በሚበልጥባቸው ቦታዎች ያደገ ጥርስ የውጭ ሽፋኑ አሲዱን ይቋቋማል፣ ሙጫውም በደንብ አይዝም። ላዩን በስሱ መፋቅና አሲዱን ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ያስፈልጋል፤ በመጨረሻም ብራኬቱ ሲነሣ ሽፋኑን ይዞ እንዳይነሣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽቦው ከቀጭኑ ይጀምራል፤ 0.014 ወይም 0.016 ኢንች ክብ የኒኬልና ቲታኒየም ሽቦ ጥርሶቹን ካሰለፈ በኋላ ወደ አራት ማዕዘን የብረት ሽቦ ይሸጋገራል። ወፍራሙን ቸኩሎ ማሰር ሥሩን ያሳጥረዋል። ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ራጅ ተነሥቶ ሥሮቹ ማጠራቸው ከታየ ኃይሉ ለ2 ወይም 3 ወር ይቋረጣል። ከላይኛው ወደ ታችኛው የሚዘረጋው ላስቲክ በቀን ከ20 ሰዓት በላይ ይደረጋል፣ በየቀኑም ይቀየራል፤ ሲተኙ ብቻ ማድረግ ሕክምናውን በወራት ያራዝማል። ለአዋቂ የሙሉ አፍ ሕክምና ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል መጠበቅ ልክ ነው። ስድስት ወር የሚበቃው የፊት ጥርስ ጥቂት መደራረብ ላለበት ሰው ነው።

ግልጹ አላይነር (በጥርስ ላይ የሚጠለቅ የፕላስቲክ ቅርጽ) ለመካከለኛ መደራረብ፣ ለጥቂት ክፍተትና ለድድ ንጽሕና ጥሩ ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ ጥርሱን እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሳል፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይቀየራል። ክብ ክራንቻን ለማዞር፣ ጥርስን ወደ ታች ለመሳብ፣ የነቀሉትን ቦታ ሥሩ ቀጥ ብሎ እንዲዘጋ ለማድረግ ይደክማል። በቀን 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት፣ ለምግብና ለመጠጥ የሚተርፈው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል አውልቆ የሚቀመጥ ሰው ሁለቱን ሰዓት በአንድ ቡና ጨረሰ ማለት ነው። ሳያወልቁ ስኳር ያለበት ቡና መጠጣት ደግሞ ስኳሩን ከጥርሱ ጋር ማሸግ ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችንም የሚሆን ነገር አለ። በአሜሪካ በፖስታ አላይነር ይልክ የነበረው ስማይልዳይሬክትክለብ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ሕክምናቸውን ያልጨረሱ ደንበኞች የሚከታተላቸው አጡ። የድድ መለኪያና ራጅ ሳይኖር በፖስታ በመጣ ቅርጽ ጥርስ መግፋት ከላይ የገለጽነውን አደጋ ሁሉ ይዞ ይመጣል። በአንድ አገር ጀምሮ በሌላው የሚጨርስ ሰው የመነሻ ራጆቹን፣ ፎቶዎቹን፣ የሕክምና ዕቅዱን፣ የብራኬቱን ዓይነትና ሽቦው የሚገባበትን የጎድጎዱን ልክ በጽሑፍ ይዞ ይሂድ። ጎድጎዱ 0.018 ወይም 0.022 ኢንች ሊሆን ይችላል፤ ልኩን የማያውቅ ሐኪም ሽቦውን በግምት ይመርጣል ወይም ሁሉንም አንሥቶ እንደ አዲስ ያስከፍላል።

ስለ ምግብ አጭር ነው። ቆሎ ብራኬት ይሰብራል፤ ሸንኮራ አገዳና ደረቅ ዳቦም እንዲሁ። ጮማ በፊት ጥርስ መንጨት ይቅር፤ በቢላ ይቆረጥ። የእርድ አልጫ ሽቦውን ብራኬቱ ላይ የሚያስሩትን ግልጽ ላስቲኮች በአንድ ምሳ ቢጫ ያደርጋቸዋል፤ ግራጫ መምረጥ ይሻላል። መፋቂያ ከሽቦው ሥር አይደርስም፤ በጥርስ መካከል የምትገባ ትንሽ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ያስፈልጋሉ። በብራኬት ዙሪያ የተተወ ቆሻሻ አንድ ወር ሳይሞላው የማይጠፋ ነጭ ምልክት ሊተው ይችላል። ከታሰረ በኋላ ባሉት ከ3 እስከ 5 ቀናት ለሚሰማው ሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል።

ብሬሱ ሲነሣ ሕክምናው አላለቀም። በድድ ውስጥ ያሉት ጅማቶች አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋሉ፤ የተጠማዘዘ የነበረ ጥርስና የተዘጋ ክፍተት ከሁሉም በላይ የመመለስ ጠባይ አላቸው። ስለዚህ ከፊት ጥርሶች ጀርባ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ ቀጭን ሽቦ ይጣበቃል፣ ሌሊት የሚጠለቅ ሪቴይነርም (ጥርሱን ባለበት የሚያቆይ ቅርጽ) ይሰጣል። ዋጋ ሲነገር ሁለቱ መካተታቸው ይጠየቅ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው በዚህ ነው። የተጣበቀው ሽቦ በአንድ ጥርስ ላይ ሲለቅ አያምም፣ አይወድቅምም፤ ሰውየው የሚያውቀው ጥርሱ ከሄደ በኋላ ነው። በሳምንት አንዴ ምላስንና ጥፍርን ከጀርባው ማስኬድ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ከተገኘ የሌሊቱን ሪቴይነር ቀንም ሌሊትም አጥልቆ በዚያው ሳምንት ክሊኒክ መድረስ ነው። ሪቴይነሩ ጠበብ ቢልም ከገባ ጥርሱ ገና ሩቅ አልሄደም፤ አልገባ ካለ ግን በግድ አይጫን፣ አዲስ ቅርጽ ይወሰዳል።

ከአክብሮት ጋር
ሁለት የጥርስ ሐኪሞች፣ ከአዲስ አበባ